ሐይቅ ላይ የባህር ኃይል ያስቃል እንዴ?

ለዝግጅት ክፍሉ፣ ጤና ይስጥልኝ።

ባለፈው ስለ ባህር በር ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። በዋናው ጉዳይ ላይ ክርክር የለኝም፤ እሱን ለሚያውቁት ልተወው። ግን ጸሐፊው መሀል ላይ ጣል ያደረጋት አንዲት ነገር አላስቀመጠችኝም። ሐይቅ ላይ የባህር ኃይል ማቋቋም የዕቃ ዕቃ ጨዋታ ነው፣ በታሪክም ሐይቅ ላይ የተደረገ ቁም ነገር ያለው ውጊያ የለም ብሎ አላግጦ ያልፋል። የለም? እኔ የምኖረው ቶሮንቶ፣ ኦንታሪዮ ሐይቅ ዳር ነው። እዚሁ ሐይቅ ላይ ከ200 ዓመት በፊት ከመቶ በላይ መድፍ የተሸከመች የጦር መርከብ ተንሳፋለች። የአሜሪካና የካናዳ ድንበር ዛሬ ባለበት እንዲቀር ካደረጉት ነገሮች አንዱ፣ ትልቁም ሊሆን ይችላል፣ በእነዚህ ሐይቆች ላይ የሆነው ነው። እንዴት ዝም ልበል?

ጦርነቱ አሜሪካ በ1812 በእንግሊዝ ላይ ያወጀችው ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።) እንግሊዝ ያኔ አውሮፓ ውስጥ ከናፖሊዮን ጋር ተያይዛለች። ካናዳ ደግሞ የእንግሊዝ ግዛት ነበረች። አሜሪካኖቹ ካናዳን መያዝ ቀላል መስሏቸው ነበር። ካርታ ላይ ያስመስላል፤ መሬቱ ላይ ግን መንገድ የሚባል ነገር የለም ማለት ይቻላል። ጫካና ረግረግ ነው። አንድ መድፍ በየብስ ለማንቀሳቀስ ስንት በሬና ስንት ሳምንት ይፈጃል፤ በሐይቅ ከሆነ ግን ነፋስ ከተገኘ በቀናት ይደርሳል። ስለዚህ አውራ ጎዳናው ሐይቁ ነበር። ሐይቁን የያዘ ጦሩን እንደልቡ ያጓጉዛል፣ ይቀልባል። ያልያዘ ጫካ ውስጥ ተቀምጦ ይራባል።

ሌላው ነገር ደግሞ ይሄ ነው፦ ያኔ ከውቅያኖስ መርከብ ማምጣት አይቻልም ነበር። የሴንት ሎውረንስ ወንዝ ከሞንትሪያል በላይ ድንጋያማና ፈጣን ወራጅ ነበር። በኦንታሪዮና በኤሪ ሐይቆች መካከል ደግሞ ናያጋራ ፏፏቴ ተገትሯል። እንግሊዝ በዓለም አንደኛ የሆነው የባህር ኃይሏ ያላት ጦር መርከብ ሁሉ ተሰልፎ ቢመጣ አንዱም ሐይቅ ውስጥ መግባት አይችልም ነበር። የሚቻለው እዚያው ዛፍ ቆርጦ መሥራት ብቻ ነበር። እንጨቱ በሽ ነው። የቀረው ሁሉ፣ ማለትም መድፉ፣ መልህቁ፣ ገመዱ፣ ሸራው፣ ሚስማሩ፣ መርከበኛው ሳይቀር ከሩቅ ይመጣል። ለእንግሊዞቹ ከአትላንቲክ ማዶ፣ ለአሜሪካኖቹ ከኒውዮርክና ከፊላዴልፊያ። እንግዲህ ጦርነቱ የአናጢና የጫኝ ጦርነት ነበር ብል አላጋነንኩም።

ከኤሪ ሐይቅ ልጀምር፣ የታወቀው እሱ ስለሆነ። አሜሪካዊው አዛዥ ኦሊቨር ሃዛርድ ፔሪ የ28 ዓመት ወጣት ነበር። መርከቦቹ የተሠሩት ፕሬስክ አይል በሚባል፣ ዛሬ የፔንሲልቫኒያዋ ኤሪ ከተማ ባለችበት ወደብ ነው። ወደቡ ለመደበቅ ጥሩ ነው፤ አፉ ላይ ግን የአሸዋ ክምር አለ። ውሃው እዚያ ላይ ሁለት ሜትር እንኳን በቅጡ አይሞላም፤ ሁለቱ ትልልቅ መርከቦች ደግሞ ከዚያ በላይ ጥልቀት ይፈልጋሉ። ምን አደረጉ? መድፎቹን አራገፉ፤ ውሃ የተሞሉ ትልልቅ የእንጨት ሳጥኖች ግራና ቀኝ አስጠግተው ከመርከቧ ጋር አሰሩ፤ ከዚያ ውሃውን ቀዱት። ሳጥኖቹ ሲንሳፈፉ መርከቧን ይዘዋት ብድግ አሉ፤ አሸዋውን አሻገሯት። እንግሊዞቹ በዚያ ሰዓት ቢመጡ መድፍ የሌላት መርከብ አሸዋ ላይ ተቀምጣ ያገኟት ነበር። አልመጡም። ለምን ከወደቡ እንደራቁ እስከ ዛሬ ያከራክራል።

የእንግሊዙ አዛዥ ሮበርት ባርክሌይ ያሳዝነኛል። በፊት በነበረ ውጊያ አንድ እጁን ያጣ ሰው ነው። ዋና መርከቡን ዲትሮይትን የሚያስታጥቅበት መድፍ መምጣት ነበረበት፤ አልመጣም። ለኤሪ ሐይቅ የታሰበ ዕቃ ብዙው በሚያዝያ 1813 አሜሪካኖቹ ዮርክን ሲወርሩ ጠፋ። ዮርክ ማለት የዛሬዋ ቶሮንቶ ናት። ምሽጓ ፎርት ዮርክ አሁንም አለች፤ በጋርዲነር አውራ ጎዳና ስንበር ከጎናችን፣ በኮንዶሚኒየሞቹ መሀል ተወሽቃ። የከተማው ሐበሻ ግማሹ በየቀኑ በጎኗ እያለፈ የሚያውቃት አይመስለኝም። በዚያ ቀን እንግሊዞቹ ሲሸሹ የባሩድ ማከማቻውን አፈነዱትና ዜቡሎን ፓይክ የሚባለው አሜሪካዊ ጄኔራል በፍንጣሪው ሞተ። ወራሪዎቹም የፓርላማውን ሕንፃ አቃጠሉ። ዋሽንግተን በተራዋ በ1814 ስትቃጠል እንግሊዞቹ ይቺን አልረሱም ነበር ይባላል።

ወደ ባርክሌይ ልመለስ። ከምድር ምሽግ መጠናቸው የተለያየ መድፎች ነቅሎ መርከቧ ላይ ገጠመ። ማቀጣጠያው እንኳን ስለማይሠራ ተኳሾቹ መድፉ ቀዳዳ ላይ ሽጉጥ እየተኮሱ ነበር የሚለኩሱት። ምግብም አልቋል። ሠራዊቱ ብቻ አይደለም፤ ከእንግሊዝ ጋር የወገኑ የነባር ሕዝቦች ቤተሰቦች በሺህ የሚቆጠሩ እዚያ ሰፍረው ቀለብ ይጠብቃሉ። ሐይቁ ካልተከፈተ ሁሉም ይራባል። ስለዚህ ለመዋጋት ወጣ እንጂ ዝግጁ ሆኖ አልነበረም።

መስከረም 10 ቀን 1813 ገጠሙ። ዘጠኝ የአሜሪካ መርከቦችና ጀልባዎች በስድስት የእንግሊዝ ላይ። ፔሪ የነበረባት ሎውረንስ ብቻዋን ስትቀጠቀጥ ቆየች፤ ጤነኛ ሆነው ከተሰለፉት ሰዎቿ ከአምስቱ አራቱ ሞቱ ወይም ቆሰሉ። ሌላዋ ትልቅ መርከብ ናያጋራ ግን ወደ ኋላ ቀርታለች። አዛዧ ጄሲ ኤሊየት ለምን እንዳልቀረበ እሱና ፔሪ ዕድሜ ልካቸውን ተጣልተውበታል፤ ደጋፊዎቻቸውም ለአሥርተ ዓመታት። ፔሪ በጥይት መሀል በትንሽ ጀልባ እየተቀዘፈ ናያጋራ ላይ ወጣ፤ ኤሊየትን ወደ ትንንሾቹ ጀልባዎች ላከውና ራሱ በእንግሊዞቹ ሰልፍ መሀል ሰንጥቆ ገባ። ሁለቱ ትልልቅ የእንግሊዝ መርከቦች እርስ በርስ ተጋጭተው ተቆላልፈው ነበር፤ ከፊት እስከ ኋላ ጠረጋቸው። ባርክሌይ በሕይወት ተረፈ፤ የቀረችው እጁ ግን ክፉኛ ቆሰለች። እንግሊዝ በታሪኳ አንድ ሙሉ የመርከብ ጓድ ስታስረክብ ማየት እንግዳ ነገር ነው። ይሄ የሆነው ሐይቅ ላይ ነው!

ፔሪ በአሜሪካ የትምህርት ቤት መጻሕፍት ውስጥ ጀግና ነው፤ ይገባዋል። አንድ ነገር ግን ልጨምር። ውጊያው ከመድረሱ በፊት ከኦንታሪዮ ሐይቅ የተላኩለትን መርከበኞች አይቶ አለቃውን አይዛክ ቾንሲን አማረረ፦ የላክልኝ ጥቁሮች፣ ወታደሮችና ልጆች ናቸው አለ። ቾንሲ የመለሰለት መልስ ለዘመኑ ይገርማል። የቆዳ ቀለም የሰውን ችሎታ እንደማይለውጥ ነገረው፤ እኔ መርከብ ላይ ሃምሳ የሚጠጉ ጥቁሮች አሉ፣ ከምርጦቹ ሰዎቼ መሀል ናቸው አለው። ኤሪ ሐይቅ ላይ ከተዋጉት ውስጥም ጥቁሮች ጥቂት አልነበሩም። ያ ሁሉ በባርነት ዘመን ነው። ቾንሲን ታሪክ ጸሐፊዎች ፈሪ እያሉ ይሰድቡታል፤ እኔ ግን በዚህች ደብዳቤው ብቻ እወደዋለሁ።

የኤሪን ድል ዋጋ የከፈሉት ግን እንግሊዞቹ ብቻ አይደሉም። ሐይቁ ሲያዝ የእንግሊዝ ጦር ከዲትሮይት ከተማ አካባቢ ለቆ ሸሸ። አሜሪካኖቹ በመርከብ ተሻግረው ተከተሉት፤ ጥቅምት 5 ቀን ካናዳ ውስጥ ባለው በቴምዝ ወንዝ አጠገብ ደረሱበት። እዚያ ነው ከነባር ሕዝቦቹ አንዱ የሆኑት የሾኒዎቹ መሪ ቴኩምሴ የተገደለው። ቴኩምሴ የተበታተኑትን ነባር ሕዝቦች በአንድ ኅብረት አሰባስቦ የነጮቹን መስፋፋት ለማቆም የሞከረ ሰው ነበር። እሱ ሲሞት ኅብረቱ ፈረሰ። እንግሊዝ በሰላም ድርድሩ ላይ ለእነሱ የተለየ አገር ይከለል ብላ ጀምራ፣ ኋላ ላይ ነገሩን ተወችው። የአንድ ከሰዓት የሐይቅ ውጊያ ስንት ሕዝብ መሬቱን እንዳሳጣ ሳስበው ስለ ድሉ ማውራት ያስጠላኛል።

ኦንታሪዮ ሐይቅ ላይ ደግሞ ሌላ ዓይነት ነገር ነበር። አሜሪካዊው ቾንሲ ሳኬትስ ሃርበር፣ እንግሊዛዊው ጄምስ ዮ ማዶ ኪንግስተን ተፋጥጠው ተቀመጡ። አንዱ ትልቅ መርከብ ሠርቶ ውሃ ሲያስገባ ሌላው ወደቡ ይገባና ከእሷ የምትበልጥ ይሠራል። ያኔ ደግሞ ያኛው ወደቡ ይገባል። ሐይቁ ላይ ሲገናኙም የሚመቻቸው ርቀት አይጣጣምም፤ ቾንሲ ሩቅ የሚመቱ ረጃጅም መድፎች ስላሉት ርቆ መተኮስ ይፈልጋል፤ ዮ አጫጭርና ከባድ ጥይት የሚተፉት ስለበዙለት መቅረብ ይፈልጋል። ስለዚህ ሲባረሩ ከርመው ወሳኝ ውጊያ ሳያደርጉ ጦርነቱ አለቀ። ፈሪዎች ናቸው የሚለውን አልቀበልም። ሁለቱም አንድ ቀን ቢሸነፉ ሐይቁ ብቻ ሳይሆን ከኋላቸው ያለው ጦር ሁሉ እንደሚያልቅለት ያውቃሉ። ኤሪ ላይ የሆነውን አይተዋል።

የግንባታ ውድድሩ መጨረሻ ላይ አብዷል። እንግሊዞቹ በመስከረም 1814 ኪንግስተን ላይ ሴንት ሎውረንስ የምትባል መርከብ ሠርተው ውሃ አስገቡ፤ 112 መድፍ የምትሸከም። የእንግሊዙ አድሚራል ኔልሰን በትራፋልጋር የባህር ውጊያ ላይ የሞተባት መርከብ ቪክቶሪ እንኳን ይህን ያህል መድፍ አልነበራትም። ንጹሕ የሚጠጣ ውሃ ላይ ስለምትንሳፈፍ የውሃ በርሜል መጫኛ ጥልቅ ሆድ አላስፈለጋትም። ይቺ መርከብ ውጊያ ላይ አንዲት ጥይት አልተኮሰችም። እሷ ስትወጣ ቾንሲ ወደቡ ገባ፤ አለቀ። በ1832 በ25 ፓውንድ ተሸጠች። አሜሪካኖቹም እሷን የሚበልጡ ሁለት መርከቦች ጀምረው ሳይጨርሱ ሰላም ሆነ፤ አንዷ፣ ኒው ኦርሊንስ፣ ከላይዋ ጣራ ተሠርቶላት ሳኬትስ ሃርበር ላይ ከ60 ዓመት በላይ ተገትራ ኖረች።

ጀግና ፈልጉ ካላችሁኝ እኔ የገመዱን ሰዎች እመርጣለሁ። በግንቦት 1814 አሜሪካኖቹ ለአዲሷ መርከባቸው ሱፒሪየር መድፍና የመልህቅ ገመድ በጀልባ ሲያጓጉዙ እንግሊዞቹ አሳደዷቸው። ሳንዲ ክሪክ የምትባል ጠባብ ወንዝ ውስጥ ገቡ፤ ተከትለው የገቡት እንግሊዞች ግን ጫካ ውስጥ ከተደበቁ ወታደሮችና ከአሜሪካኖቹ ጋር ከወገኑት ነባር ሕዝቦች፣ ከኦናይዳ ተዋጊዎች እጅ ወደቁ። ከዚያ በኋላ በሐይቅ መሄድ አደገኛ ሆነ። መድፎቹ በጋሪ ተጫኑ። ገመዱ ግን ከ4 ሺህ ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ የሚችለው ጋሪ ጠፋ። ተቆርጦ አይጫን ነገር፣ የተቆረጠ የመልህቅ ገመድ ምን ያደርጋል? ሰዎቹ ተሰለፉና ትከሻቸው ላይ አደረጉት። በደቦ የጎጆ ጣራ እንደሚያነሱ ጎረቤቶች፣ ግን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ! ትከሻቸው ተልጦ፣ በሣርና በገለባ እየሸፈኑት ሳኬትስ ሃርበር አደረሱት።

ስለ ሰመጡትም ሁለት ቃል ልበል። ነሐሴ 8 ቀን 1813 ከእኩለ ሌሊት በኋላ ኦንታሪዮ ሐይቅ ላይ ሃሚልተንና ስከርጅ የሚባሉ ሁለት የአሜሪካ መርከቦች በድንገተኛ አውሎ ነፋስ ተገለበጡ። የንግድ መርከቦች ነበሩ፤ መድፍ ተጭኖባቸው ከላይ ከብደዋል። ከ50 በላይ ሰው አለቀ። መርከቦቹ በ1973 ወደ 90 ሜትር ጥልቀት ላይ ተገኙ፤ ውሃው ቀዝቃዛና ጨው የሌለው ስለሆነ እንጨቱ እምብዛም ሳይበላ፣ መድፉም በየቦታው እንዳለ። ሐይቅ ገር የሚመስለው ሰው ይሄን ይወቅ።

አሁን ወደምወደው ልምጣ፤ ሻምፕሌን ሐይቅ። ረጅምና ቀጭን ሐይቅ ነው፤ ከካናዳ ወደ ኒውዮርክ የሚያስገባ በር ማለት ነው። በ1814 ናፖሊዮን ስለወደቀ እንግሊዝ ልምድ ያላቸውን ወታደሮቿን ወደ ካናዳ አዛወረች። በካናዳ የእንግሊዝ ጦር አዛዥ ጆርጅ ፕሬቮስት ከ10 ሺህ በላይ ሰው ይዞ በሐይቁ ዳር ወደ አሜሪካዋ ከተማ ፕላትስበርግ ወረደ። ከተማዋን የሚጠብቁት ከዚያ እጅግ ያነሱ ናቸው። ግን ፕሬቮስት ሐይቁ ሳይያዝ አላልፍም አለ፤ ቀለቡ የሚመጣው በዚያ ነውና።

ሐይቁን የያዘው አሜሪካዊው ቶማስ ማክዶኖ ነበር፤ ገና 30 ዓመት የሚሆነው። ኖህና አዳም ብራውን የሚባሉ ወንድማማቾች የሠሩለት መርከቦች ነበሩት፤ ንስር የምትባለዋን በ19 ቀን ውስጥ ከጫካ ውሃ አስገብተዋታል። ማክዶኖ የእንግሊዞቹ መድፎች ሩቅ እንደሚመቱ ስላወቀ ሐይቁ መሀል አልገጠማቸውም። ፕላትስበርግ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ገብቶ መልህቅ ጥሎ ጠበቃቸው። እንግሊዞቹ ወደ ውስጥ ለመግባት መታጠፍ አለባቸው፤ ሲታጠፉ ነፋሱ ይቃወማቸዋል፤ መቅረብም ግዴታ ይሆንባቸዋል። ከዚህ ሌላ ከመርከቧ ግራና ቀኝ ተጨማሪ መልህቆች ጥሎ ገመዳቸውን ወደ መርከቧ ሳበ። ምክንያቱ በኋላ ይታያል።

መስከረም 11 ጠዋት የእንግሊዙ ጆርጅ ዳውኒ መጣ። ዋና መርከቡ ኮንፊያንስ ገና ውሃ ከገባች ሦስት ሳምንት አልሞላትም፤ አናጢዎቹ አልጨረሷትም፤ ሰዎቿም እርስ በርስ በቅጡ አይተዋወቁም። ፕሬቮስት ቶሎ በል፣ ቶሎ በል እያለ በደብዳቤ አስጨንቆት ነበር። የመጀመሪያው ተኩስ ሲጀመር በማክዶኖ መርከብ ላይ የዶሮ ቤት ተመትቶ ተሰበረ፤ አውራ ዶሮው ወጥቶ መድፍ ላይ ቆመና ጮኸ። መርከበኞቹ በሳቅና በሆታ ተቀበሉት። (ይህን ባላነብ ኖሮ ፈጥራችሁ ነው እል ነበር።) ዳውኒ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ሞተ፤ በጥይት የተመታ መድፍ ወደ ኋላ ተወርውሮ ወደቀበት። ፍልሚያው ግን ቀጠለ። ማክዶኖ ሁለት ጊዜ ተመትቶ ወድቋል። በመጨረሻ መርከቡ በአንድ በኩል ያሏት መድፎች ሁሉ ዝም አሉ። ያን ጊዜ ነው ቀድሞ የጣላቸው መልህቆች ሥራ ላይ የዋሉት፤ ገመዱን እየጎተቱ መርከቧን ባለችበት አዞሯት፤ ያልተተኮሰባቸው መድፎች ያሉበት ጎኗ ወደ ጠላት ዞረ። ኮንፊያንስም ያንኑ ልታደርግ ሞከረች፤ ግማሽ መንገድ ላይ ተገትራ ቀረች። እጅ ሰጠች።

ፕሬቮስት ያን ሁሉ ሠራዊት ይዞ ወደ ካናዳ ተመለሰ። የሰላም ውሉ በታኅሣሥ 24 ቀን 1814 በዛሬዋ ቤልጅየም፣ ጌንት ከተማ ላይ ተፈረመ፤ መሬቱ ከጦርነቱ በፊት እንደነበረው ይሁን ተባለ። ከዚያ በፊት የእንግሊዝ መንግሥት ዌሊንግተንን፣ ኋላ ናፖሊዮንን ዋተርሉ ላይ ያሸነፈውን፣ አሜሪካ ሄደህ ምራልን ብሎት ነበር። እሱ የመለሰው በግልጽ ነው፦ እዚያ የጎደለው ጄኔራልም ወታደርም አይደለም፣ በሐይቆቹ ላይ የባህር ኃይል የበላይነት ነው፤ እሱ ከሌለ እኔ ብሄድም ብዙ አልፈይድም አለ። በዚህ ጉዳይ ከእኔ ይልቅ ዌሊንግተንን ብታምኑት ይሻላል።

ከዚያ በኋላስ? ሁለቱም የመርከቡ ወጪ መሮአቸዋል። በ1817 ሪቻርድ ረሽ የተባለ አሜሪካዊና ቻርልስ ባጎት የተባለ እንግሊዛዊ ዲፕሎማት አጭር ደብዳቤ ተለዋወጡ። ኦንታሪዮ ላይ ለየአገሩ አንድ መርከብ፣ በላይኞቹ ሐይቆች ሁለት፣ ሻምፕሌን ላይ አንድ። እያንዳንዷ ከ100 ቶን አትበልጥ፣ አንድ መድፍ ብቻ ትያዝ። 112 መድፍ ከተንሳፈፈበት ሐይቅ ወደ አንድ! ውሉ እስከ ዛሬ አልተሻረም። በ2006 የአሜሪካ ጠረፍ ጠባቂዎች በሐይቆቹ ላይ 34 ቦታ መርጠው የመትረየስ ልምምድ እናድርግ ሲሉ ከሁለቱም ወገን ሕዝቡ ጮኸባቸው፤ ዓመቱ ሳያልቅ ሐሳቡን ተዉት።

እንግዲህ ብትችሉ እርማት አውጡ። ካልሆነም "በታሪክ የለም" የምትለዋን ብቻ ከድረ ገጻችሁ ላይ ሰርዙልኝ፤ በቀረው ጸሐፊው እንደፈለገ ያላግጥ።

አንባቢያችሁ፣
ከቶሮንቶ